ከጨዋታ ቤቱ ባንኮኒ ኋላ የቆመው ልጅ

ክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ ሆይ፤

ከዚህ በታች የጻፍሁትን አሳብ ለአንባቢ ይጠቅማል ብለው ያመኑበት እንደ ሆነ በአንባቢያን ደብዳቤ ዓምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ስለ ፕሌይስቴሽን ቤቶች ብዙ ሰው ብዙ ተናግሯል። አንዳንዱ «የልጆቻችን ማጥፊያ ናቸው» ይላል፤ አንዳንዱም «ይዘጉልን» ይላል። እኔም የሁለተኛ ደረጃ መምህር ስለ ሆንሁ እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ «ይዘጉ» ከሚሉት ወገን ነበርሁ፤ እንዲያውም በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ስለዚህ ነገር ከሁሉ ይልቅ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገር እኔ ነበርሁ። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ቤቱም ስለ መሣሪያውም አይደለም። በዚያ ቤት ባንኮኒ ኋላ ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ ስለሚውለው ሠራተኛ ነው። ስለ እርሱ የተናገረ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝምና።

ነገሩ የሆነበት ሰፈር አያት ነው። አያት በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳር የሚገኝ፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ ጉዞውን የሚጨርስበት ሰፈር መሆኑን አንባቢ ያውቃል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቪላውም ኮንዶሚኒየሙም ተሠርቶ ብዙ ቤተሰብ ገብቶበታል። ቤቱ ሲሠራ ግን ለልጆች መጫወቻ የሚሆን ሜዳ እምብዛም አልታሰበበትም፤ በሕንፃና በሕንፃ መካከል የተረፈው ቦታ የመኪና ማቆሚያ ሆነ። እኛ በልጅነታችን ብይ የተጫወትንበትንና የጨርቅ ኳስ ያንከባለልንበትን ዓይነት ሜዳ ያጣ ልጅ፣ ከሕንፃው ሥር ካሉት ሱቆች ባንዱ ወደ ተከፈተው ፕሌይስቴሽን ቤት ቢገባ የሚያስደንቅ አይደለም።

ቤቱን ገብተው ላላዩት ታላላቆቼ ጥቂት ላስረዳ። አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አራት ቴሌቪዥኖች በግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል፤ በየሥራቸው ፕሌይስቴሽን የሚባለው መሣሪያ ተቀምጧል፤ ፊት ለፊታቸው አግዳሚ ወንበር አለ። ይህን መሣሪያ ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ያወጣው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው ዓይነት በዓለም ላይ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ሦስተኛው በ2006፣ አራተኛው በ2013፣ አምስተኛውም በ2020 እ.ኤ.አ. ተከታትለው ወጡ። በኛ ሰፈር ግን አሮጌው እየተጠገነ ረዥም ዕድሜ ይኖራል። ከጨዋታው ሁሉ የሚወደደው የእግር ኳሱ ሲሆን፣ ይኸውም በ1993 እ.ኤ.አ. «ፊፋ» ተብሎ የተጀመረው ነው። ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባለቤቶቹ «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» ብለው ስሙን ቢለውጡትም የአያት ልጆች ዛሬም ፊፋ ይሉታል። መሣሪያውን ገዝቶ ለልጁ ለማቅረብ የሚችል ወላጅ ጥቂት ስለ ሆነ፣ ልጆቹ በጨዋታ ሒሳብ ይከራዩታል። የታወቀው ደንብ «የተሸነፈ ይከፍላል» የሚል ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ተማሪዎቼ ከክፍል ጠፉ። የት እንዳሉ ጓደኞቻቸው ስለ ነገሩኝ፣ የክፍል ጊዜዬን ስጨርስ በንዴት ተነሥቼ ወደዚያ ቤት ሄድሁ። በሩን ገፋ አድርጌ ስገባ ከባንኮኒው ኋላ የቆመው ወጣት «ቲቸር!» ብሎ ደንግጦ ተነሣ። ፊቱን ባየሁት ጊዜ እኔም ደነገጥሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ያስተማርሁት፣ በሁለተኛው ረድፍ ይቀመጥ የነበረ፣ በሒሳብ ትምህርት የተመሰገነ ልጅ ነበር። እኔ ግን ደኅንነቱን እንኳ ሳልጠይቅ፣ በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት «ይህን እንድትሠራ ነው ያስተማርሁህ? የሰው ልጅ ከትምህርት ቤት አስኮብልለህ ልትበላ ነው?» ብዬ ጮኽሁበት። እርሱ አንድ ቃል አልመለሰልኝም። ሁለቱን ተማሪዎቼን አስነሥቶ ቦርሳቸውን ሰጣቸው፤ የከፈሉትንም ገንዘብ ከመሳቢያው ሳይሆን ከገዛ ኪሱ አውጥቶ መለሰላቸው።

ይህ ከኪሱ ማውጣቱ ሌሊቱን ሲከነክነኝ አደረ። በማግስቱ ማታ፣ ሰው በቀለለ ሰዓት፣ ተመልሼ ሄድሁና ለምን እንዲህ እንዳደረገ ጠየቅሁት። «ቲቸር፣ የመሳቢያው ገንዘብ የባለቤቱ ነው። የቀኑ ሒሳብ ከጎደለ ከደመወዜ ይቆረጣል። እነዚያን ልጆች አስወጥቼአቸው ነበር፤ ውኃ ልቀዳ ወጣ ባልሁ ጊዜ ተመልሰው ገቡ» አለኝ። ከዚያም ቀስ በቀስ የኑሮውን ነገር አጫወተኝ። የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና የወሰደው በ2015 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጣው ተፈታኝ ከመቶ 3.2 ብቻ እንደ ነበር፣ ከዚያ በፊት በ2014 ዓ.ም.ም ከመቶ 3.3 ብቻ እንደ ነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ያን ጊዜ ጋዜጣውም ሬዲዮኑም ስለ አለፉት ጥቂቶችና ስለ ወደቁት ብዛት ተናገረ። እኛም መምህራን ምክንያቱን ስንከራከር ከረምን። ነገር ግን እነዚያ የቀሩት ልጆች በማግስቱ ጠዋት ተነሥተው የት እንደ ሄዱ የጠየቀ ጥቂት ነው። አንዱ እነሆ እዚህ ባንኮኒ ኋላ ቆሟል። እንደ ግል ተፈታኝ ደግሞ ለመፈተን ሌሊት ሌሊት እየተዘጋጀ ነው።

ለመነሣት ስል ልጁ አንድ ነገር ለመነኝ። እናቱ ታመዋል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ሐኪም ይዟቸው ይሄድ ዘንድ ቀጠሮ አላቸው፤ ባለቤቱ ግን «ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ሰው ካልተካህ አትሄድም» ብሎታል። የሚተካው ሰው አላገኘም። «ቲቸር፣ ለእርስዎ እንዲህ ያለ ነገር መናገር ያሳፍረኛል» አለኝ። ባለፈው ቀን በሰው ፊት ያዋረድሁት ልጅ ስለ ሆነ እምቢ ለማለት ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ፣ ካርታ መጫወት እንኳ ኃጢአት ነው ተብዬ የተማርሁ መምህር፣ አንድ ቅዳሜ ሙሉ የፕሌይስቴሽን ቤት ሠራተኛ ሆኜ የዋልሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ቤቱ የሚከፈተው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ሲሆን የሚዘጋው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ልጁ አንድ ደብተር ትቶልኝ ሄዷል። በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እኔ በማውቀው መልካም የእጅ ጽሕፈቱ የሥራውን ቅደም ተከተል ጽፎልኛል። መጀመሪያ ወለሉን ጠርጎ አቧራውን ማራገፍ ነው፤ አቧራ የመሣሪያውን ማራገቢያ ከደፈነው መሣሪያው ይግልና ይጠፋል። ቀጥሎ ልጆቹ ጆይስቲክ የሚሉትን የእጅ መጫወቻ አንድ ባንድ መቁጠር፣ በአልኮል በራሰ ጨርቅ መጥረግ፣ መሥራቱንም መፈተን ነው። አንዱ ቢሰበር ዋጋው የሚቆረጠው ከሠራተኛው ነውና። ከዚያ የቀኑን ሒሳብ መጀመር ነው። በዚያ ቤት አንድ ጨዋታ 15 ብር ነው። ባለቤቱ ለቅዳሜ የወሰነው ገቢ ደግሞ 1,500 ብር ነው፤ ይኸውም 100 ጨዋታ ማለት ነው። ከዚህ ከጎደለ ጉድለቱ የሠራተኛው ዕዳ ይሆናል።

እስከ 4 ሰዓት የመጡት ትልልቆች ነበሩ። ከሌሊት ጥበቃ የወጣ ዘበኛና ተራ የሚጠብቅ የታክሲ ረዳት ሁለት ሁለት ጨዋታ ተጫውተው ሄዱ። ከዚያ በኋላ የልጆቹ ጎርፍ መጣ። በአራቱም ቴሌቪዥን ላይ ጩኸት ሆነ። እኔ በክፍል ውስጥ 50 ተማሪ ጸጥ ማሰኘት የለመድሁ ሰው ነኝ፤ በዚያ ቤት ግን ያ ችሎታዬ ምንም አልጠቀመኝም። በክፍል ውስጥ ማርክ የመስጠትና የመንፈግ ሥልጣን አለኝ፤ ወላጅ የማስጠራት ሥልጣን አለኝ። ከባንኮኒው ኋላ ያለው ሰው ግን ከንግግሩ በቀር ምንም ሥልጣን የለውም። የተሸነፈው ልጅ «ጆይስቲኩ ራሱ እየሄደ ነው፤ ስለዚህ አልከፍልም» ይላል። ያሸነፈው «እኔም አልከፍልም፤ አሸንፌአለሁ» ይላል። ፍርዱን የሚሰጠው ባንኮኒው ኋላ ያለው ነው። ለአንዱ ቢያደላ ሌላው ከነጓደኞቹ ወደ ሌላ ቤት ይሄድበታል።

ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ። በአንደኛው ቴሌቪዥን ላይ ጨዋታው 2 ለ 1 ነበር። ማን ይክፈል በሚለው ጉዳይ ቤቱ ተናወጠ። እኔ ግራ ገብቶኝ ሳለሁ አንድ ትንሽ ልጅ በግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጣቱ አሳየኝ። «ከእረፍት በፊት መብራት ከጠፋ ሒሳብ የለም። ከእረፍት በኋላ ከጠፋ ሁለቱም እኩል ይከፍላሉ» ይላል። ሕጉን ያወጣው ያ የሒሳብ ተማሪዬ ነው። ሁሉም ያውቀዋል፤ ወረቀቱ ከተነበበ በኋላ የተከራከረ አልነበረም። በውነቱ እኔ በክፍሌ እንዲህ ያለ ሁሉ የተቀበለው ሕግ ያለኝ አይመስለኝም። መብራቱ የተመለሰው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። የባለቤቱ 1,500 ብር ግን ስለ መብራት አያውቅም።

በዚያን ቀን ካየሁት ሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ የወላጆቹ ነገር ነው። አንዲት እናት ዘጠኝ ዓመት የሚሆነውን ልጃቸውን ይዘው መጡና «ገበያ ደርሼ እስክመጣ እዚህ ይቆይልኝ፤ ልጁ የለም እንዴ ዛሬ? እሱ ያየልኝ ነበር» አሉኝ። ከእርሳቸው በኋላ አንድ አባት እንዲሁ አደረጉ። እኚህ አባት በወላጆች ስብሰባ ላይ «ጨዋታ ቤቶች ይዘጉ» ሲሉ በጆሮዬ የሰማኋቸው ሰው ናቸው። እርሳቸውም አወቁኝ፤ ሁለታችንም አፈርን። እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ቤቱን በስብሰባ ላይ እንሰድባለን፤ ቅዳሜ ደግሞ ልጃችንን እናስጠብቅበታለን። ጠባቂውን ግን ስሙን እንኳ አንጠይቀውም።

ከልጁ ደብተር ሁለተኛ ገጽ ላይ ደግሞ እንዲህ የሚል ማስጠንቀቂያ ነበር፤ «ትንሽ ልጅ ትልቅ ብር ይዞ ሲመጣ ከየት እንዳመጣው ጠይቅ። ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ በትምህርት ሰዓት አታስገባ። በገንዘብ ለመወራረድ የሚመጡትን አታጫውት።» በ9 ሰዓት ተኩል ላይ አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ ባለ 200 ብር ኖት ይዞ መጣ። እንደ ታዘዝሁት ጠየቅሁት። መጀመሪያ «አጎቴ ሰጠኝ» አለ፤ ቀጥሎ አቀረቀረ፤ በመጨረሻ ከእናቱ ቦርሳ እንዳወጣው ነገረኝ። ብሩን በኪሱ አስገብቼ ወደ ቤቱ መለስሁት። 13 ጨዋታ ከእጄ ወጣ ማለት ነው። ማታም ሦስት ጎረምሶች መጥተው በጨዋታው ላይ ገንዘብ ለማስያዝ ፈለጉ። አይሆንም ብላቸው ሰደቡኝ። እኔ በዕድሜ የምበልጣቸው ሰው ሆኜ ይህ ከደረሰብኝ፣ የ20 ዓመቱ ልጅ ምን እንደሚደርስበት መገመት አያስቸግርም።

ስለ ሰውነት ድካሙም ልናገር። ምሳዬን የበላሁት ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ ቆሜ ነው። መጸዳጃ ቤት በሱቁ ውስጥ የለም። ለመሄድ ሲያስፈልግ ከጎን ያለውን ባለ ሱቅ ለምኖ ማስጠበቅ ነው፤ በዚያች ደቂቃ ጆይስቲክ ቢጠፋ ግን ዕዳው የራስ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ በሩን ስዘጋ ጆሮዬ ይጮኻል፤ ዓይኔ ይቃጠላል፤ እግሬ አልታዘዝ ብሏል። ገንዘቡን ብቆጥር 1,350 ብር ሆነ። የጎደለውን 150 ብር ከኪሴ ጨመርሁ። ለእኔ የአንድ ቀን ጨዋታ ነበር፤ ለልጁ ግን የሳምንቱ ሰባት ቀን ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት በቀን 12 ሰዓት ተኩል፣ በሳምንት 87 ሰዓት ተኩል ይሆናል።

ወደ ቤቴ ገብቼ ሕጉ ምን ይላል ብዬ መረመርሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የትርፍ ሰዓት ሥራም ቢኖር በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንትም ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም፤ ክፍያውም በቀን ለተሠራው ከመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ሠራተኛ በሰባት ቀን ውስጥ ከ24 ተከታታይ ሰዓት የማያንስ ዕረፍት ይገባዋል። በመጀመሪያው ዓመት አገልግሎቱ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለው። ውሉ በጽሑፍ ያልተደረገ እንደ ሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር በጽሑፍ ሊሰጠው ይገባል። ደመወዙም ቢሆን በሕግ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በራሱ የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ በቀር አይቆረጥም፤ የሚቆረጠውም ሁሉ ተደምሮ ከወር ደመወዙ ከሦስት አንድ እጅ አይበልጥም። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጨርሶ አይቀጠርም፤ ከ15 እስከ 18 ያለው ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ በሌሊትም፣ በሳምንት ዕረፍቱም ቀን አይሠራም። ይህ ሁሉ ተጽፎ ይገኛል። ነገር ግን ከሕንፃ ሥር ወደ ተከፈተች አንዲት ጠባብ ክፍል የሚደርስ አይመስልም።

«ታዲያ ቤቱ ራሱ ጎጂ ከሆነ ለሠራተኛው ለምን እንጨነቃለን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። መልስ አለኝ። ጨዋታው ከመጠን ሲያልፍ ጉዳት እንዳለው አልክድም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባጸደቀውና ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ ራስን ከዚህ ጨዋታ መግታት አለመቻልን እንደ ሕመም አግብቶታል። ምልክቱም ሰው ጨዋታውን መቈጣጠር ሲያቅተው፣ ከሌላው ሥራውና ፍላጎቱ ሁሉ ሲያስቀድመው፣ ጉዳት እየደረሰበትም ሳይተው ሲቀርና ይህም በተለምዶ ቢያንስ 12 ወር ሲዘልቅ ነው። የሚጫወት ሁሉ ታማሚ አይደለም። ነገር ግን ከልጆቻችን መካከል ማን ወደዚህ እየሄደ እንደ ሆነ ከእናትና ከአባት አስቀድሞ፣ ከመምህሩም አስቀድሞ የሚያየው ማን ነው? ከባንኮኒው ኋላ የቆመው ነው። በየቀኑ ስንት ሰዓት እንደሚቀመጥ፣ ገንዘቡን ከየት እንደሚያመጣ፣ ሲሸነፍ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ይህን ሰው የቀን ገቢ ካልሞላ ደመወዝህ ይቆረጣል ብለን ብናስጨንቀው፣ ዩኒፎርም የለበሰውን ልጅ ለምን ያስወጣል? ባለ 200 ብሩን ለምን ይመልሳል? ያ ተማሪዬ ይህን የሚያደርገው በገዛ ደመወዙ ነው። ሁሉም እንደ እርሱ እንዲያደርግ መጠበቅ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው።

በሥራ ምክንያት ሰውን መናቅ በአገራችን የቆየ ደዌ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን እየሰደብን በእርሱ ማረሻ አረስን፤ በእርሱ ሸማ ለበስን። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ስለዚህ ነው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኔ ራሴ ግን ተምሬአለሁ የምል ሰው ሆኜ፣ አንድን ሠራተኛ በሥራው በሰው ፊት ሰደብሁ። ያውም ለወደቀበት ፈተና ያዘጋጀነው እኔና ጓደኞቼ መሆናችንን ረስቼ ነው።

እንግዲህ «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ብለን ከመተው፣ የሚቻለውን ብናደርግ ብዬ ጥቂት አሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የቤቶቹ ባለቤቶች ለሠራተኛቸው የጽሑፍ ውል ይስጡ፤ በሳምንት አንድ ቀን ያሳርፉት፤ መብራት ለጠፋበት ሰዓትና በአገልግሎት ላረጀ ዕቃ እርሱን ዕዳ አያስከፍሉት። ሁለት ሠራተኛ በፈረቃ ማቆም ወጪ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ዐርፎ የመጣ ሠራተኛ ዕቃውንም ገንዘቡንም ይበልጥ ይጠብቃል።

ሁለተኛ፤ የንግድ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚያድሰው የወረዳው ጽሕፈት ቤት ለፈቃዱ ሲጠየቅ የሠራተኛውን ውል ቢመለከት፣ በትምህርት ሰዓት ተማሪ እንደማይገባ የሚገልጽ ጽሑፍም በበሩ እንዲለጠፍ ቢያደርግ መልካም ነው። ያን ጊዜ ልጁ «ሕግ ነው» ብሎ ተማሪውን ለመመለስ፣ ለባለቤቱም «ሕግ ነው» ብሎ ለመመለስ ድፍረት ያገኛል። ዛሬ ግን የሚመልሰው በራሱ ኃላፊነት ብቻ ነው።

ሦስተኛ፤ እኛ ወላጆችና መምህራን ከዚህ ሠራተኛ ጋር እንተዋወቅ። «ልጄ ከ11 ሰዓት በፊት አይግባ፤ ከሁለት ጨዋታ በላይም አይጫወት» ብሎ አንድ ጊዜ መናገር፣ ልጁን በየቀኑ በአለንጋ ከማሳደድ ይሻላል። መምህርም ወደዚያ ቤት መሄድ ያለበት ተማሪ ሲጠፋበት ብቻ አይደለም።

አራተኛ፤ ሜዳ የሌለው ሰፈር ልጆቹን ወደ ጨዋታ ቤት መግፋቱ አይቀርምና፣ ከየሕንፃው መካከል አንድ የመኪና ማቆሚያ እንኳ ቅዳሜና እሑድ ለልጆች ኳስ ቢለቀቅ፣ ይህ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው። የነዋሪዎች ኮሚቴዎች ይምከሩበት።

ደብዳቤዬን ከመጨረሴ በፊት የቀረኝን አንድ ነገር ልናገር። በተከታዩ ሰኞ፣ ከትምህርት በኋላ፣ ቤቱ በልጆች በተሞላበት ሰዓት ሆነ ብዬ ሄድሁ። ስድቡ በሰው ፊት ስለ ነበር ይቅርታውም በሰው ፊት ይሁን ብዬ ነው። ልጆቹ ጨዋታቸውን አቁመው ዞሩ። እኔም «ባለፈው ጊዜ ያልሁህ ነገር ስሕተት ነበር፤ ይቅርታ አድርግልኝ» አልሁት። እርሱ አንገቱን ደፍቶ «ኧረ ቲቸር፣ ምን በወጣዎት» አለና ወንበር አቀረበልኝ። ስለ እናቱ ብጠይቀው መድኃኒት እንደ ታዘዘላቸውና ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ ቀጠሮ እንዳላቸው ነገረኝ። ቀጠሮው ቅዳሜ ነው። ያን ቅዳሜም እኔ እቆምለታለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ቅዳሜ ግን ሕጉ ቢቆምለት እወድ ነበር። ዘወትር ማታ ቤቱን ከዘጋ በኋላ ግማሽ ሰዓት የፊዚክስ ጥያቄ አብረን እንሠራለን። ዘንድሮ ይፈተናል።

ምናልባት የተሳሳትሁት ነገር ቢኖር፣ ይልቁንም ከጨዋታ ቤት ባለቤቶች ወገን የሚሰጥ አስተያየት ቢኖር፣ በዚሁ ዓምድ ላይ ለመታረም ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፤

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአያት፣ አዲስ አበባ